ክኒኑ ረቡዕ ይዋል

የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስዱና ለሚያስታምሙ

እናቴ የመገጣጠሚያ ሕመሟ ጠንቶ ሜቶትሬክሴት የታዘዘላት ሰሞን አፏ ውስጥ ቁስል ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። «በርበሬው ነው» ብላ ወጧን አልጫ አደረገችና ዝም አለች። ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ቡናውን ሳትጎነጭ ሲኒውን ስትመልስ አይቼ ምላሷን እንድታሳየኝ ስለምናት ነው። ደሟ ሲመረመር ነጭ የደም ሴሏ ወርዶ ተገኘ። መድኃኒቱ ለጊዜው ቆመ፣ ቁስሉ ዳነ፣ ዛሬም መጠኑ ተስተካክሎላት ያንኑ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ጣቶቿም እንጀራ ይጋግራሉ።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሁለት ሳምንት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚያመጡት ጉዳት በጊዜ ከተነገረ ብዙው ይመለሳል። «ልቻለው፣ ያልፋል» ተብሎ ሲከርም ግን ሰው ያሳጣል። እዚህ እስራኤል፣ ገዴራ፣ ያቭኔ ወይም ቂርያት ማልአኺ፣ ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ክኒን ካለ ከዚህ በታች ያለውን ከልጆችዎ ጋር ያንብቡት።

ስሙን በቃልዎ ይያዙ

«ነጩ ክኒን»፣ «የእጄ መድኃኒት» ማለት እዚህ አይበቃም። ሌሊት ሚዮን (የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል) ገብተው ሐኪሙ የሚጠይቅዎት የመጀመሪያው ነገር ስሙ ነው። በዚህ ወገን በብዛት የሚታዘዙት አራት ናቸው። ሜቶትሬክሴት ለሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ብግነትና ለሶሪያሲስ ይታዘዛል። አዛቲዮፕሪን፣ ብዙ ሰው ኢሙራን በሚለው ስሙ የሚያውቀው፣ ለሉፐስ፣ ለአንጀት ብግነት፣ ለተተካ ኩላሊትም ይሰጣል። ማይኮፌኖሌትም ኩላሊት ለተተካላቸውና ሉፐስ ኩላሊታቸውን ለነካቸው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሳይክሎፎስፋማይድ ነው። ሰውነት የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባ ወይም የደም ሥር ክፉኛ ሲያጠቃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በሆስፒታል የቀን ክፍል በደም ሥር ይገባል። ለገዴራ ሰው ቅርቡ ሆስፒታል ሬሆቮት ያለው ካፕላን ነው።

አራቱም የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ያስቆማሉ ወይም ይገድላሉ። ቤቱን እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ ቤተሰቡን መደብደብ ሲጀምር ጉልበቱን መቀነስ የግድ ይሆናል። ችግሩ በሰውነት ውስጥ ቶሎ የሚባዛው ዘበኛው፣ የመከላከያው ሴል፣ ብቻ አለመሆኑ ነው። የአጥንት መቅኒ፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ የጸጉር ሥርም ይባዛሉ። የጎንዮሽ ጉዳቱም እዚያው ይታያል፤ ደም ይወርዳል፣ አፍ ይቆስላል፣ ሆድ ይታወካል፣ ጸጉር ይሳሳል።

የሳይክሎፎስፋማይድ የዘር ሐረግ ለእኛ የተለየ ሸክም አለው። ናይትሮጅን ማስተርድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ጣሊያን በ1935 እና በ1936 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ ያሉትም እንዲሁ) በኢትዮጵያ ላይ ከአውሮፕላን የረጨው የሰናፍጭ ጋዝ ዘመድ ማለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጋዙ የተመቱ ወታደሮች ነጭ የደም ሴላቸው አልቆ ታይቶ ነበር። በ1940ዎቹ ተመራማሪዎች ያንን ባሕርይ በልክ ቀምረው ለደምና ለእጢ ካንሰር አዋሉት፤ ሳይክሎፎስፋማይድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወጣ። አማርኛችን የሚያድነውንም የሚገድለውንም «መድኃኒት» የሚለው ያለ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው።

«ኪሞ ነው» የሚል ቃል ሰምተው ልጆችዎ ካንሰር የደበቁብዎ ከመሰለዎት እፎይ ይበሉ። መድኃኒቱ በስም አንድ ቢሆንም መጠኑ ሌላ ነው። ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት በሳምንት ከ7.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ ለአንዳንድ ካንሰር ግን በግራም ይሰጣል። ከሣጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚጽፍ ያስደነግጣል።

ቀኑን ይምረጡ

ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መዋጡን ከስህተቶች ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሰው ስለሚገድል ነው፤ በየቀኑ የወሰዱት በልዩ ልዩ አገር ሞተዋል። በዕብራይስጥ «ፓዓም በሻቩዓ» በሳምንት አንዴ፣ «ፓዓም በዮም» በቀን አንዴ ነው። ለጆሮ ቅርብ ናቸው፤ ሌላው ክኒን ሁሉ በየቀኑ ሲሆን ደግሞ እጅ በልማድ ይሄዳል።

የእኔ ምክር ረቡዕ እንዲሆን ነው። የዕብራይስጥ ቀን በቁጥር ስለሆነ «ዮም ሽሊሺ» ሲሉን ማክሰኞ መሆኑን ቆጥረን እንደርስበታለን። ረቡዕ ግን «ዮም ረቪዒ» ነው፤ ቃሉ ከአንድ ሥር የወጣ፣ ትርጉሙም በሁለቱም ልሳን አራተኛ ቀን። እናት በአማርኛ፣ ነርሷ በዕብራይስጥ ቢናገሩ ይግባባሉ። ሐሙስና «ሐሚሺ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ግን ማግስቱ ላይ የሚመጣው ማቅለሽለሽና መዛል ዓርብ ለሰንበት ሲዘጋጁ እንዳይዝዎት ረቡዕ ማታ ከመኝታ በፊት ይሻላል። በሣጥኑ ላይ በትልቁ «ረቡዕ ብቻ» ብለው በአማርኛ ይጻፉ። ሰዓትም የሚጽፉ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በዚህ አገር አቆጣጠር ይለዩት፤ የእኛ 2 ሰዓት ለነርሷ 8 ነው።

ክኒኑ 2.5 ሚሊ ግራም ከሆነ 15 የታዘዘለት ሰው በዚያ ቀን 6 ፍሬ ይውጣል። ብዛቱ አያስደንግጥዎት፤ በሳምንቱም ቀናት አያከፋፍሉት። ጎን ለጎን ፎሊክ አሲድ ይታዘዛል፤ የአፍ ቁስልንና ማቅለሽለሽን ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜም ከረቡዕ በቀር ባሉት ቀናት ይወሰዳል። ሁለቱም ትንንሽ ቢጫ ክኒን ሊሆኑ ስለሚችሉ በአንድ ዕቃ አያስቀምጧቸው። ረቡዕ ከረሱ ሐሙስ ወይም ዓርብ መውሰድ ይችላሉ፤ ከዚያ ካለፈ ይተዉትና የሚቀጥለውን ረቡዕ ይጠብቁ። መቼም ቢሆን እጥፍ አይውሰዱ። በስህተት ሁለት ሦስት ቀን ተከታትለው ከዋጡ ደግሞ ምንም ባይሰማዎትም ያንኑ ዕለት ሚዮን ይሂዱ። ማርከሻ አለው፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ሲሰጥ ነው።

የመጀመሪያው ክኒን ሳይወሰድ

ሐኪሙ ያለፈ በሽታዎን ሲጠይቅ ጎንደር ወይም ትግራይ መወለድዎ ትልቅ መልስ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ እና የሳንባ ነቀርሳ ለዓመታት ተኝተው ይኖሩና መከላከያ ሲዳከም ይነሣሉ። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል ደግሞ በባዶ እግር ሲሄዱ ከአፈር ገብቶ አሥርተ ዓመታት አንጀት ውስጥ ራሱን እያራባ ይቆያል፤ በተለይ ፕሬድኒዞን የሚባለው ስቴሮይድ አብሮ ሲታዘዝ መላ ሰውነት ሊወርና ሊገድል ይችላል። ሦስቱም አስቀድመው ከታወቁ መላ አላቸው። እዚህ አገር የተማረ ወጣት ሐኪም ስለ ትሉ ላያስብ ይችላል፤ «ኢትዮጵያ ነው ያደግሁት፣ የትል ምርመራ ያስፈልገኝ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አዛቲዮፕሪን ለሚጀምሩ ደግሞ ሰውነታቸው መድኃኒቱን የመፍጨት አቅም እንዳለው የሚለይ የደም ምርመራ አለ።

ክትባትም የሚሰጠው ከመጀመሩ በፊት ነው። የጉንፋን፣ የሳንባ ምች፣ አልማዝ ባለጭራን የሚከላከለው ሺንግሪክስ፣ እነዚህ ሕያው ተሕዋስ ስለሌለባቸው በኋላም ይሰጣሉ፤ ግን መከላከያው ሳይዳከም ቢወሰዱ ይበልጥ ይይዛሉ። የኩፍኝና የቢጫ ወባ ክትባቶች ሕያው ናቸው፤ መድኃኒቱ ላይ እያሉ አይወሰዱም።

ደም ሲቀዱ

ሜቶትሬክሴት ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ከዚያ በየ2 ወይም 3 ወር ደም ይታያል፤ የደም ሴል፣ ጉበትና ኩላሊት። ሽማግሌዎቻችን «ደሜን ጨረሱት» ሲሉ እሰማለሁ። ቂሙም ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የለገስነው ደም በስውር ይጣል እንደነበር በ1996 ሲታወቅ የተሰማን ሕመም አልሻረም። ይህኛው ደም ግን ለእርስዎ ነው። ሁለት ሦስት ብልቃጥ ተደምሮ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ ሰውነት ሳያውቀው ይተካዋል።

አንድ የእኛ የሆነ ነገር ደግሞ አለ። ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ብዙዎቻችን ጤነኛ ሆነን ሳለ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ቁጥራችን ዝቅ ያለ ነው፤ የየመን አይሁዶችና የነጌቭ በደዊዎችም እንዲሁ። ቤተ ሙከራው ከ1,500 በታች ሲያይ በቀይ ያሰምርበታል፤ ለእኛ ሰው ግን 1,200 የዕድሜ ልክ ቁጥሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ሳይጀምሩ የተነሡትን የድሮ ውጤቶች ከኩፓዎ (ከጤና መድንዎ) አስወጥተው ይያዙ። አለበለዚያ ሐኪሙ የሚጠቅምዎትን መድኃኒት ያለ ምክንያት ሊያቆምብዎ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ፣ ድሮ 3,000 የነበረ ሰው አሁን 1,200 ከሆነ «የኢትዮጵያውያን ደም እንዲህ ነው» ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። መለኪያው የራስዎ የቀድሞ ቁጥር ነው።

ትኩሳት ሲመጣ

ቴርሞሜትር ይግዙ። እጅን ግንባር ላይ ማድረግ አይበቃም። 38 ከደረሰ፣ ወይም ሙቀቱ ሳይነሣ ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጠዎት፣ ጠዋትን አይጠብቁ። ነጭ ሴል ሲወርድ መግል ላይኖር፣ ጉሮሮ ላይቀላ ይችላል፤ ትኩሳቱ ብቻውን ነው የሚጮኸው። በደም ሥር ሳይክሎፎስፋማይድ ለወሰዱ ነጭ ሴሉ በጣም የሚወርደው ከ8 እስከ 14ኛው ቀን ስለሆነ እነዚያን ቀናት በካላንደር ላይ ይክበቧቸው።

ሳይለኩ አካሞል (ፓራሲታሞል) አይዋጡ፤ ሙቀቱን ያወርድና በሽታውን ይሸፍነዋል። ኦፕታልጊን የሚባለውን ማስታገሻ ደግሞ ጨርሶ ከቤት ያውጡት። በዚህ አገር እንደ ከረሜላ ይወሰዳል፤ ግን ራሱ አልፎ አልፎ ነጭ ሴልን የሚያጠፋ መድኃኒት ነው፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲደመር አደጋው ይብሳል።

«ምች ነው» ማለትም እዚህ ላይ ያዘገያል። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ቫይረስ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ዳማከሴ ታሽቶለት ቢያልፍም መከላከያው ለደከመ ሰው ሊሰፋ ይችላል። ጎን ወይም ጀርባ ላይ በመስመር የሚወጣ የሚያቃጥል ውኃ ያዘለ ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል።

ሚዮን ሲደርሱ ወረፋ ይዘው ዝም ብለው አይቀመጡ። በዚች አገር በር የምትከፍት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ ወንድ «አኒ ሜዱካ ሒሱን፣ ዬሽ ሊ ሖም» ይበል፣ ሴት «አኒ ሜዱኬት ሒሱን፣ ዬሽ ሊ ሖም» ትበል። «መከላከያዬ የተዳከመ ነው፣ ትኩሳት አለኝ» ማለት ነው። በወረቀት ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ያድርጉት። መሄድ ካቃተዎት 101 ይደውሉ።

ከትኩሳት ሌላ

የአፍ ቁስል ሲጀምር ያንኑ ቀን ይደውሉ፤ ሜቶትሬክሴት ላይ ላለ ሰው መቅኒው መጎዳቱን የሚናገር ምልክት ሊሆን ይችላል። እስከዚያ በለብ ያለ የጨው ውኃ ይጉመጥመጡ፣ ወጡን አልጫ ያድርጉት። ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንባ ሊሆን ስለሚችል የሚቀጥለውን ክኒን ሳይወስዱ ሐኪም ያግኙ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ጉበት ነው። ቆዳ ያለ ምክንያት ከበለዘ፣ ድድ ከደማ፣ እሱም ደም ነው።

ሳይክሎፎስፋማይድ በሽንት ሲወጣ ፊኛን ይልጣል። ስለዚህ በክኒን ከሆነ ጠዋት ይወሰዳል፣ ቀኑን ሙሉ ብዙ ውኃ ይጠጣል፣ ሽንት አይያዝም። ሽንት ከቀላ ያንኑ ቀን መናገር ነው። መድኃኒቱ ከቆመ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ደም ያለበት ሽንት ይመረመር፤ የፊኛ ካንሰር ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። አዛቲዮፕሪን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቆዳውን ከፀሐይ ይጠብቅ። የእኛ ጥቁረት ይረዳናል እንጂ ሙሉ ጋሻ አይደለም፤ በገዴራው ሻፒራ ሰፈር የጋራ አትክልት ቦታ የሚያርሱ አባቶች ባርኔጣና ጓንት ያድርጉ። ጓንቱ ለአፈሩም ነው፤ እሾህ የወጋው ጣት ለእነሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጸጉር ቢሳሳ፣ የረቡዕ ማግስት ቢያቅለሸልሽ፣ እነዚህ ያስከፋሉ እንጂ አይገድሉም። ይናገሩ፤ ክኒኑ ወደ መርፌ ሊለወጥ ይችላል። በራስዎ ብቻ አያቋርጡ፤ በተለይ ኩላሊት የተተካለት ሰው ሲያቋርጥ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል።

ምን አብሮ አይሄድም

ሬስፕሪም የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሽንት ኢንፌክሽን በብዛት ይታዘዛል። ከሜቶትሬክሴት ጋር መቅኒን ሊያደርቅ ይችላል፤ ሌሊት ሞኬድ (የአስቸኳይ ሕክምና ጣቢያ) የሄዱ እንደሆነ የሚያዝልዎት ሐኪም ስለማያውቅዎት ራስዎ ይንገሩት። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ከአዛቲዮፕሪን ጋር እንዲሁ አደገኛ ነው። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹን ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

አረቄ፣ ጠጅና ጠላ ከሜቶትሬክሴት ጋር ጉበትን ይጫናሉ። በሠርግ አንድ ብርጭቆ ስለማንሣት ከሐኪምዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ፤ «አልጠጣም» ብሎ ዋሽቶ መጠጣት ምርመራውን ያሳስተዋል። ክትፎ ለብ ለብ ሳይሆን ፈጽሞ የበሰለ ይሁን፣ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር። ጤና አዳም ለቡና ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ጭማቂውን ቆዳ ላይ መቀባት ግን በፀሐይ ያቃጥላል። ለሆድ ትል ኮሶ መጠጣት ይቅር፤ ኮሶ ዓይን ሊያሳውር የሚችል ነው። ማንኛውንም ቅጠል ሲወስዱ ለሐኪሙ በስሙ ይንገሩት፤ ቢቆጣም ይንገሩት።

ልጅ ለሚያስቡ

ሜቶትሬክሴት፣ ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋማይድ ፅንስን ያበላሻሉ። ለመፀነስ ያሰበች ሴት ከወራት በፊት ለሐኪሟ ተናግራ መድኃኒቱ ይለወጥላታል፤ አዛቲዮፕሪን ብዙ ጊዜ በእርግዝናም ይቀጥላል። ሳይክሎፎስፋማይድ የሴትንም የወንድንም መውለድ ሊያስቀር ስለሚችል እንቁላል ወይም ዘር አስቀድሞ ስለማስቀመጥ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይጠይቁ። የወሊድ መከላከያ ጥያቄ ሲመጣ የብዙ እህቶቻችን ፊት እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ለእህቶቻችን ይሰጥ ስለነበረው የዴፖ ፕሮቬራ የወሊድ መከላከያ መርፌ የተነሣው ጩኸት በ2013 የጤና ሚኒስቴርን ደብዳቤ እስከማስጻፍ አድርሷል። እዚህ ላይ ግን ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው፤ ለየትኛዋም ሴት የሚጠየቅ ነው። «ለምን? እስከ መቼ? ሌላ ምርጫ አለ?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱ ሳይገባሽ አትፈርሚ። ነፍሰ ጡር ልጅ የእናቷን ክኒን በእጇ አትስበር።

ለልጆች

አያትን ይዞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ዕብራይስጥ የሚችለው የ12 ዓመት ልጅ ነው። አይሁን። ልጁ «ካንሰር»ን ይዘላል፣ አያትም ስለ ሽንቷ በልጅ ፊት አትናገርም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ ኩፓዎችና ሆስፒታሎች በሚገባ ቋንቋ እንዲያስተናግዱ ያዛል፤ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ ጠይቁ። ቤት ስትመለሱ «ደህና ነሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «አፍሽን አሳዪኝ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ሸናሽ፣ ሙቀትሽን እንለካ» በሉ።

ጾምና ጉዞ

ለስግድ፣ ለዮም ኪፑርና ለቲሻ በአቭ ጾም ከሳምንታት በፊት ሐኪሙንም ቄሱንም ያማክሩ። ሳይክሎፎስፋማይድ የወሰደ ሰው በዚያ ሰሞን ውኃ ሳይጠጣ መዋል የለበትም፤ የመርፌው ቀን ሊገፋ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ቢጠየቅ ይሻላል። ወደ ጎንደር ዘመድ ለመጠየቅ ሲነሡ ክኒኑ ከነሐኪም ደብዳቤው በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ ለመመለሻው የሚተርፍም ይኑር። ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ከወረዱ የወባ መከላከያ ያስፈልጋል፤ የትኛው ከመድኃኒትዎ ጋር እንደሚስማማ ከትኬቱ በፊት ይጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ይወሰድ የሚል ሰው ካጋጠመዎት እምቢ ብለው መድኃኒትዎን የጻፈውን ሐኪም ደብዳቤ ያሳዩ።